ሰልፉ መሃል የተዘረጋ ወንበር

ጋሽ መቀስ ወደ ሰፈራችን የመጡት መሃል ከተማ የነበረው ፀጉር ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጥግ ላይ ቆመው የስንቱን ራስ ሲያስተካክሉ ኖረው፣ ነርስ ባለቤታቸው ከከተማው ዳር ወዳሠራችው ቤት ገቡ።

ቤቱ ምንም አይወጣለትም። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ፀጉር ቤት አደረጓት፤ መስታወት ሰቀሉ፣ ፎጣ አጥፈው ደረደሩ። የሚመጣ ሰው ግን ጠፋ። እኛ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ሲመሽ ነው የምንገባው። ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ ውስጥ የሚቀረው ውሻና የተዘጋ በር ነው። እሁድም ቢሆን ሰው የሳምንቱን የእንቅልፍ ዕዳ ነው የሚከፍለው።

ጋሽ መቀስ መቀመጥ አልሆነላቸውም። የወለወሉትን መስታወት ደግመው ይወለውላሉ፤ በሩን ከፍተው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ መልሰው ይዘጋሉ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ከሥራ ስትገባ በረንዳው ላይ ሲንጎራደዱ አገኘቻቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሥር እሳት አለ እንዴ? አረፍ በል እንጂ።»

«ምን ሠርቼ ልረፍ?»

«ጡረታ ወጣሁ ብለህ ቁጠረው።»

«እጄን ማን ጡረታ አወጣው?»

እሷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

በነጋታው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኟት። ሰልፉ ከፋርማሲው ተነስቶ እንጨት መሸጫው ድረስ ተጠማዝዟል። ሰው ቆሞ ያዛጋል፣ ስልኩን ይነካካል። ጋሽ መቀስ ያዩት ግን ማጅራቱን ነው፤ የሁሉም ፀጉር አድጎ አንገቱን ውጦታል። በማግስቱ ታጣፊ ወንበር፣ በባትሪ የሚሠራ ማሽንና ነጠላ አንሶላ ይዘው መጡ።

ተራ አስከባሪው ፊታቸው ቆመ። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ፀጉር ቤት አይደለም።»

«ፀጉር ቤትማ አለኝ፤ ሰው ነው ያጣሁት።»

«ሰልፉ ሲንቀሳቀስስ?»

«እኔም እንቀሳቀሳለሁ።»

ተራ አስከባሪው ራሱን አከክ አከክ አደረገ። ወር ሙሉ መቀስ አልነካውም ነበር። መጀመሪያ የተቀመጠው እሱ ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ ሁለት እርምጃ ወንበር እየገፉ፣ ግማሹን ሰፈር ሰው አስመሰሉት።

አንድ ሰኞ ለሥራ ፈተና የሚሄድ መሐንዲስ ተቀመጠ። ግራው አልቆ ወደ ቀኙ ሲዞሩ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ደረሱና ሰልፉ በአንዴ ተነቀለ።

«ጉድ ሆንኩ» አለ መሐንዲሱ ቀኝ ጎኑን እየዳበሰ። «ብሄድም ጉድ፣ ብቀርም ጉድ።»

«ግባ ዝም ብለህ። አብሬህ እገባለሁ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ቆመው ጨረሱት። አንድ ተሳፋሪ የመሐንዲሱን ራስ በሁለት እጁ ያዘ፣ ሌላው የጋሽ መቀስን ወገብ ደገፈ። ሹፌሩ በመስታወት እያየ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ ያንሱ!» ይላል፤ እሳቸውም ማሽኑን ያነሳሉ። መሐንዲሱ መሃል ከተማ ሲደርሱ አመስግኖ እየሮጠ ሄደ።

ጋሽ መቀስም ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወርደው ቀና ሲሉ የድሮ መንገዳቸው ላይ ናቸው። ፀጉር ቤታቸው የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። በቀዳዳ አጮልቀው አዩ። ከዚያ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሱ።

ማታ ባለቤታቸው «የት ዋልክ?» አለቻቸው።

«መሃል ከተማ። ቆፍረውታል፤ እንደ ገደል ነው። ወንበሬ የት ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አቃተኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። «ፌርማታው አይበቃህም?»

«ፌርማታው እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የለም፤ ቀኑ ደግሞ ረጅም ነው።»

ጋሽ መቀስ ተነስተው ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰኩት፣ የአንሶላውን ፀጉር ሊያራግፉ ወደ በረንዳው ወጡ፤ አራግፈው ከጨረሱም በኋላ ኮቴያቸው ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማት ነበር።