የቆጣሪው ዘበኛ

ደብረ ታቦር ውስጥ ኢልያስን «ኢንጂነር» ብሎ የማይጠራው ሰው ቢኖር ራሱ ኢልያስ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ ሦስት ዓመት ሊማር ካርቱም ገብቶ፣ ሁለቱን እንደጨረሰ ጦርነት ተነሣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እሱም ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የሁለት ዓመት ውጤት የሰፈረበት ወረቀት ይዞ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት ሲያገኘው ኢንጂነር ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ «የኢልያስ ትምህርት እኮ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ነው» እያለ ይስቃል። የኛ ከተማ ሳያሾፍበት ሰው አያከብርም።

በተመለሰ ሰሞን ሥራ አላጣም። ሱቅ የሚከፍተውም ቤት የሚያሠራውም ይጠራው ጀመር። ያስቸገረው የሰዉ አመል ነው። እዚህ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለሚውል፣ ቤቱ የጨለመበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ቆጣሪው ጋ ሄዶ ብሬከሩን ቀጭ አድርጎ ማብራት ነው። ማን አጠፋው፣ ለምን አጠፋው ብሎ መጠየቅ የለም። አንድ ቀን አንበሳሜ ከተማ ውስጥ ኢልያስ የአንድ ሱቅ ብሬከር አጥፍቶ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲሠራ፣ ባለሱቁ ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰና «ምነው ጨለመ?» ብሎ አበራው። ኢልያስ ጣቱ ተቃጥሎ፣ ተወርውሮ የስኳር ጆንያ ላይ አረፈ። ጆንያው ባይኖር ኖሮ ወሬያችን እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ኢልያስን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት አክስቱ ሩቅያ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ነግደው ሱቁን ለልጃቸው ለሰልማ አስረክበው አርፈው ነበር። የጣቱን ቃጠሎ ባዩ ማግስት ግን በርጩማቸውን፣ ሙስበሃቸውንና የሟች ባላቸውን ሽመል ይዘው ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ኢልያስ ሽቦ በነካበት ቤት ሁሉ አክስቱ ቆጣሪው ሥር ይቀመጣሉ። በአንድ እጃቸው ሙስበሃ እየቆጠሩ ዱዓ ያደርጋሉ፣ በሌላው ሽመሉን ይይዛሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ከመሞት መሰንበት» ነው። ኢልያስ ግን በጣም ያፍር ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶት ሞግዚት ይዞ የሚዞር ባለሙያ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ዶሃ ያለ አንድ ኩባንያ ኤሌክትሪሺያን እንደሚፈልግ ሰማና ወረቀቱን ላከ። የሦስተኛው ዓመት የታለ ሲሉ ጠየቁት። ከየት ያምጣው? አንድ ወዳጁ «ማተሚያ ቤት ሄደን እንወልደዋለን» አለው። ኢልያስ እምቢ አለ። ፈርቶ ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነት ነው፣ ፈርቷል። ከስኳር ጆንያው ወዲህ፣ ያልተማረውን ተምሬያለሁ ብሎ የሰው ፎቅ ላይ መውጣት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ያውቃል። ሁለት ዓመት ብቻ እንደተማረ በግልጽ ጻፈላቸው። እነሱም አንድ ዕድል ሰጡት፦ ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በስልክ ቪዲዮ የተግባር ፈተና። ካለፈ ይሄዳል፤ ከወደቀ ስሙ ይሰረዛል።

አክስቱ ሂድም አላሉት፣ አትሂድም አላሉት። ሐሙስ ጠዋት ግን በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ቆጣሪ ሲያመሩ ኢልያስ ለመናቸው።

«አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ይቅሩ። በቪዲዮ ያዩናል።»

«ቢያዩኝ ምን ሆኛለሁ?»

«ምንም አልሆኑም፣ ግን . . .»

«እንግዲያው ከማያዩበት እቀመጣለሁ።»

ቆጣሪው ደጅ፣ የግቢው በር ጋ ስለሆነ ኢልያስ ይሁን አለ። ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ጸጉር የሚያስተካክለው ማሩ በዚያው ቆጣሪ ስለሚጠቀም፣ እስከ አምስት ሰዓት መብራት እንደማይኖር ማታውኑ ተነግሮታል። «ለኢንጂነራችን ያልሆነ!» ብሎ ምሎም ነበር።

ልክ በአራት ሰዓት ስልኩ ጠራ። ፈታኙ ጢሙ የሸበተ ዮርዳኖሳዊ ኢንጂነር ነው፤ ሲስቅ የታየ አይመስልም። ኢልያስ በካርቱም ዐረብኛው ሰላም አለው። የተቃጠለ ሶኬት አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ መስመሩንም እንደገና መዘርጋት ነበረበት።

«አንተ የቀረህ ሦስተኛው ዓመት ነው» አለ ኢንጂነሩ። «እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው። ሽቦ መቀጠልማ ማንም ይቀጥላል። በሕይወት እንዴት እንደምትቆይ አሳየኝ።»

ኢልያስ ብሬከሩን ማጥፋቱን ነገረው፤ ሽቦው ውስጥ ምንም እንደሌለ በቴስተር ለክቶ አሳየው። ሶኬቱን ፈትቶ ሽቦዎቹን ሳብ ሳብ ሲያደርግ፣

«ጓጉንቸርህ የታለ?» አለው ሰውየው።

«የምን ጓጉንቸር?»

«ሌላ ሰው መጥቶ ብሬከሩን እንዳያበራው የምትቆልፍበት ነዋ።»

ለካ ሦስተኛው ዓመት ይህ ነበር! ኢልያስ የለኝም ሊል አፉን ሲከፍት ከደጅ የማሩ ጩኸት ተሰማ።

«እትዬ ሩቅያ፣ በማርያም! ሁለት ደቂቃ ብቻ!»

«ማርያምን አከብራታለሁ፤ ብሬከሩ ግን አይነካም።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ኢንጂነሩ። ኢልያስ ምንም አይደለም ብሎ በሩን ገፍቶ ሊዘጋ ሲል፣ «ስልኩን ይዘህ ውጣ» ተባለ። ዕድሌ አበቃ ብሎ ወጣ።

አክስቱ ቆጣሪውን ተደግፈው፣ ሽመሉን እንደ መቀርቀሪያ አጋድመው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ማሩ የጸጉር ማሽኑን ይዞ ቆሟል። ከማሩ ኋላ አንገቱ ላይ ጨርቅ የታሰረለት፣ ከገሳይ ከተማ የመጣ ደንበኛ አለ፤ ራሱ በስተቀኝ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፣ በስተግራ ግን እንዳለ ነው። ለካ ማሩ «ቶሎ አደርሰዋለሁ» ብሎ ጀምሮት፣ ሳይጨርስ አራት ሰዓት ሞልቷል።

«ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ነው የምሄደው!» ይላል የገሳዩ ሰው። «እንዲህ ሆኜ ብሄድ ማን ልጁን ይሰጠኛል?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ሩቅያ። «የልጄ እጅ ሽቦ ላይ ነው። እሱ ራሱ መጥቶ ‹ጨረስኩ› ሳይለኝ ጣትህን ብታነሣ ማሩ፣ የቀረውን ግማሽ በዚህ ሽመል እኔ ነኝ የምላጭልህ!»

«ምን አሉ?» አለ ኢንጂነሩ። ኢልያስ አንገቱን ደፍቶ ሽመሉንም ሳይቀር ተረጎመለት።

ኢንጂነሩ ጠየቀው፦ «ማን ናቸው?»

«አክስቴ ናቸው።»

«ሁልጊዜ ይቀመጣሉ?»

«ሽቦ በነካሁ ቁጥር።»

«ሌላ ሰው ጨርሷል ቢላቸውስ ይነሣሉ?»

«እኔው መጥቼ ካልነገርኳቸው ንጉሥ ቢመጣም አይነሡም።»

የሰውየው ጢም ነቅነቅ አለ። «የጓጉንቸር ሕጉ ይኸው ነው» አለ፤ «የሚከፍተው የቆለፈው ብቻ ነው። ግባና ሥራህን ቀጥል።»

ኢልያስ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጨረሰና ወጥቶ «ጨረስኩ፣ አክስቴ» አላቸው። ያኔ ተነሡ፤ ብሬከሩንም ራሳቸው አበሩት። የገሳዩ ሰው ወደ ማሩ ወንበር እየሮጠ ገባ።

መልሱ ባሥራ አንድ ቀኑ መጣ። ስድስት ወር ረዳት ሆኖ እየሠራ የቀረውን እዚያው እንዲማር ተቀብለውታል። በሄደ ዕለት መናኸሪያ ድረስ የሸኙት አክስቱ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እጁን ያዙት።

«ያን ቀን ልነሣ ቃጥቶኝ ነበር» አሉት። «ማሩ ቢያበራው ኖሮ ፈተናው ይበላሽና ትቀርልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተነሡም?»

«እጅህ ሽቦው ላይ ነበራ!» አሉ ተቆጥተው፤ አለቀሱም። ኢልያስም አለቀሰ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየው አላፈረም።

ዶሃ በገባ ሳምንት በቪዲዮ ደወለላቸውና አንድ ቀይ ጓጉንቸር አሳያቸው። ስሙ ተጽፎበታል፤ መክፈቻው ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

«ይኸውልዎት አክስቴ፣ እርስዎን የተካው።»

ሩቅያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይጠነክራል?»

«ብረት ነው።»

«እንቅልፍ አይጥለውም?»

«ኧረ አይጥለውም!»

«ደግ። ዱዓስ ያደርጋል?»

«ዱዓማ አያደርግም።»

«ይህንንማ አውቄዋለሁ» አሉ አክስቱ፤ በርጩማቸውንም ወደ ቆጣሪው ሳብ አደረጉና፣ «በስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገባው?» አሉት።