ጠዋት ጅቡቲ፣ ማታ ገዳሪፍ

ልጄ ስመኝና ባሏ ሙሉቀን ሰሞኑን ዕረፍት የላቸውም። እሷን ኪጋሊ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአስተማሪነት ጠርቷታል። እሱ ደግሞ የከብት ሐኪም ነውና ጀርመን አገር ያለ የወተት ላሞች እርባታ ይፈልገዋል። ሁለቱም ቀጣሪዎች እስከ ሰኞ መልስ እንፈልጋለን ብለዋል። ስለዚህ ቡሬ ባለው ቤታችን ምሳ የሚበላው በአገር ስም ሆኗል። ሽሮው ሲቀርብ ኪጋሊ፣ ትሪው ሲነሣ ጀርመን። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ብርዱ፣ ቋንቋው በየተራ ይነሣል፤ ይጣላል፤ ደግሞ ይነሣል። እኔ ጥጌን ይዤ እሰማለሁ። ጆሮዬ ገና ደህና ነው።

ትናንት ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ። ኪጋሊ ቢሄዱም ጀርመን ቢሄዱም የእኔ ነገር ያው ነው። ሙሉቀን «እማማን ለይሁኔ አደራ እንላለን» ይላል፤ ስመኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ወደ ሌላው ጉዳይ ያልፋሉ። ይሁኔ ባሕር ዳር የሚኖር ታናሽ ወንድሟ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ቢሆንም ያን ቃል ስሰማ የያዝሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁት። እኔን በአደራ ለመስጠት ሲመከር የመጀመሪያው አልነበረም።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ። ስመኝ ለትምህርት ልትደርስ ትንሽ የቀራት፣ ይሁኔ ገና ጡት ያልጣለ። ባለቤቴ አንተነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፍኖተ ሰላም በታች ባለው ቆላ በመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። ፍኖተ ሰላም ጭቃ ቤት ተከራይተን፣ ከደጃችን ፓፓያ እየቆረጥን፣ ደህና እንኖር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ሠራተኞቹን አሰናበተ። አንተነህ ቱታውን አጥፎ በብብቱ ይዞ መጣ። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን ቡሬ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቱ ቤት ገባን።

የባለቤቴ አባት አያ ፈንታ ይባሉ ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። በእሳቸው ፍርድ የሚያጉረመርም ሰው አልነበረም፤ እኔ እስክመጣ ድረስ ማለቴ ነው። የገባነው በበርበሬ ወቅት ነበር። ቡሬን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ግቢው ቀይ፣ የመንገዱ ዳር ቀይ፣ ነፋስ ሲነሣ አገሩ በሙሉ ያነጥሳል። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ስጡን ሳገላብጥ እውላለሁ። ይሁኔን ሳጠባው ጣቴ እንዳይነካው በክርኔ ነበር የምደግፈው። ገበዝ ማርያም ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ ብዬ የምኮራ ሴት ነበርሁና፣ እዚያ ስጥ ላይ አጎንብሼ የምውልበት ቀን ይረዝምብኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለአንተነህ ከሁለት አገር ሥራ መጣለት። አንዱ ከሱዳን ነው። አብሮት ትራክተር ይነዳ የነበረ ጓደኛው ገዳሪፍ ተሻግሮ፣ ማሽላና ሰሊጥ ከሚያመርት ባለ ሀብት ዘንድ ገብቶ ነበር፤ ነጂ ይፈለጋል፣ ክፍል ይሰጣሉ፣ ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ና ብሎ ላከበት። ሌላው ከጅቡቲ ነው። የቀድሞ አለቃው ወደብ ላይ ዕቃ በሚያነሣ መኪና ላይ ሊያስቀጥረው ቃል ገባ። የጅቡቲው ደመወዝ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ወንዶች በአንድ ክፍል ታጭቀው የሚያድሩበት ስለሆነ ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይታሰብም። ሁለቱም ከገና በፊት መልስ ይፈልጉ ነበር።

አንተነህ ጠዋት ሲነሣ ጅቡቲ ነው፤ ማታ ሲገባ ገዳሪፍ። ለአባቱ ሲያርስ በሬዎቹን መሐል ላይ አቁሞ ወደ ነቀምት የሚታጠፈውን የጭነት መኪና በዓይኑ ይሸኛል። ቆረጥህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ቆርጬ ነበር» ይለኛል። እኔም ከእሱ አልሻልም ነበር። ውሃ ልቀዳ ወርጄ እንስራውን ሳልሞላ የተመለስሁበት ቀን አለ።

አንድ ረፋድ ላይ አያ ፈንታ አንተነህንና ጎረቤታችንን አያ ልየውን ጠርተው ነገሩን ሊቋጩት ተቀመጡ። ከስጡ ማዶ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር። የገብስ ቆሎና ጠላ አቀረብሁላቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ቀረ። የገዳሪፍ ወባ ተነሣ፣ የጅቡቲ ሙቀት ተነሣ። በመጨረሻ አያ ፈንታ ጅቡቲ ይሻላል አሉ። ምክንያታቸውም ምክንያት ነበር። ገቢው የተሻለ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን በሰው አገር ወባ አይገድላቸውም፤ ለበርበሬውም ለበቆሎውም እጅ አይጠፋም። ያ እጅ የእኔ ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እሷን ከነልጆቿ እኔ በአደራ እቀበልሃለሁ» አሉት። አያ ልየው ምስክር ሆኑ። አንተነህ ለአያ ልየው ጠላ ጨመረላቸው።

በእኛ አገር በሬ ለወዳጅ በአደራ ሲሰጥ በምስክር ፊት ነው። ባለቤቱ የበሬውን ነውር አንድ በአንድ ይናገራል። ይህ ይዋጋል፣ ይህ ቀንበር ሲያይ ይተኛል፣ ይህ አጥር ይጥሳል ይላል። ተቀባዩ ሰምቶ ከተቀበለ በኋላ ማማረር የለም፤ ካልፈለገም አልቀበልም ማለት ይችላል። ይህን ሕግ ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ አያ ፈንታ ናቸው።

ከስጡ ተነሥቼ ፊታቸው ሄጄ ቆምሁ። እጄ በርበሬ ስለሆነ ዓይኔን እንኳ መጥረግ አልቻልሁም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነውሬ ሳይነገር ነው የሚቀበሉኝ?»

አያ ልየው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አያ ፈንታ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ተናገሪያ» አሉ።

«ገበያ ስወጣ ፈቃድ አልጠይቅም። ስመኝ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ በርበሬ ደረሰ ተብሎ አንድ ቀን አትቀርም። ከለፋሁበት እንደ ወንዶቹ ድርሻዬን እጠይቃለሁ። አንተነህ የሚልከው ደብዳቤ በእኔ እጅ ይከፈታል። ደግሞ አንድ ነገር ከተናገሩኝ ሳልመልስ አላድርም።»

«የመጨረሻውን ሳትነግሪንም እናውቃለን» አሉ አያ ልየው።

አያ ፈንታ ግን አልሳቁም። ቆሏቸውን ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ። «እንዲህ ያለ በሬ ተቀብዬ ሽምግልናዬን አላበላሽም» አሉ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው። «አልቀበልም። ይዘሃት ሂድ ልጄ።» ተቆጥተው አልነበረም። ፈረዱ፤ በቃ።

አሸንፌ ወደ ስጤ ተመለስሁ። ጥቂት እንዳገላበጥሁ ግን ያደረግሁት ነገር ገባኝ። ጅቡቲን ዘግቼ ገዳሪፍን ከፍቻለሁ፤ ገዳሪፍን ደግሞ በስም እንጂ አላውቀውም።

በማግሥቱ ቡሬ ገበያ ወጣሁ፤ ፈቃድ ሳልጠይቅ። መኪና መናኸሪያው አጠገብ ቅቅል ድንች በዳጣ የምትሸጥ እታገኝ የምትባል ሴት ነበረች። ገዳሪፍ ከባሏ ጋር ብዙ ዓመት ኖራ የተመለሰች ናት። ድንቿን እያላጠች ሁሉንም ነገረችኝ። ሰዉ እንግዳ ይወዳል አለች። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ከእግር አውልቆ ያስቀራል። ወባው አይምርም። ባሏ ግን በየማታው ቤቱ ይገባ ነበር። ስለ ትምህርት ስጠይቃት እጇን አቆመች።

«ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች ልጅሽ። ፊደሉን ግን እርሺው።»

ከዚያ በኋላ ገበያው መሐል ምን እንደምገዛ ጠፍቶኝ ስዞር ዋልሁ። ጅቡቲም አይሆንም፤ ገዳሪፍም አይሆንም። ወደ ከሰዓት በኋላ አንድ ሦስተኛ ነገር ታየኝና ድንች ጠቅልዬ ወደ ቤት ገሠገሥሁ። አንተነህን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ድንቹን እየበላን ነገርሁት። አንተ ጅቡቲ ሂድ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ክፍል ልከራይ፣ ስመኝ ትማር፣ የማንም አደራ አልሁን አልሁት። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ደመወዙ አለ፣ ትምህርቱ አለ፣ ነፃነቴ አለ። ምን ጎደለው?

የያዘውን ድንች መልሶ አስቀመጠው። አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ።

«ትናንት ያንቺን ነውር ሁሉም ሰማ» አለ። «የእኔን የጠየቀኝ የለም።»

«ያንተ ምንድን ነው?»

«ብቻዬን ስሆን እጠጣለሁ። አንቺ ፍኖተ ሰላም ከመምጣትሽ በፊት እርሻው ላይ እንዴት እንደነበርሁ አታውቂም። ደብዳቤ ለመጻፍ እሰንፋለሁ። አንድ ወር ካለፈኝ አፍራለሁ፤ ካፈርሁ ደግሞ ጨርሶ እጠፋለሁ። ጅቡቲ ከሄድሁ የምመለስ አይመስለኝም ትርንጎ።»

ይህን ሲል አላየኝም፤ መኪናው የሄደበትን አቧራ ነበር የሚያየው። ነውሩን ራሱ የሚናገር በሬ ሰምቼ አላውቅም።

«እቀበልሃለሁ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን አገር አልመዘንንም። የመዘንነው እሱን፣ እኔንና ልጆቹን ነው። ገዳሪፍ እንሂድ አልሁ፤ ፊደሉን እኔ አስቆጥራታለሁ፤ ቁመቷ ለክፍሉ ሳይበዛ እንመለሳለን፤ በዚህ ቃል ግባልኝ። ቃል ገባልኝ። ገና ሳይደርስ በመተማ በኩል ተሻገርን።

ቃላችንን በሙሉ አልጠበቅነውም። ከተባለው ዘግይተን ፍኖተ ሰላም ተመለስን፤ ስመኝ ከልጆቹ ሁሉ ረዝማ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። ወባው ሁላችንንም አንቀጠቀጠን። አንተነህ ግን በሰው አገር አልጠፋም፤ አገሩ ገብቶ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ ነው የሞተው። በእሱ ፋንታ ጅቡቲ የሄደው ሰው ፍኖተ ሰላም ላይ ባለ ብሎኬት ቤት ሠርቷል። በደጁ ባለፍሁ ቁጥር ሳላይ አላልፍም። በረንዳው ሰፊ ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ ኪጋሊና ጀርመን እንደገና ሲጀመር አቋረጥኋቸው። ስለ እኔ ስትመክሩ እኔ እዚሁ ተቀምጫለሁ አልሁ። ሙሉቀን ደነገጠ።

«ይቅርታ እማማ፤ ለእርስዎ አስበን ነው።»

«ማሰባችሁንማ ሰምቻለሁ። መጠየቃችሁን ነው ያልሰማሁት።»

ስመኝ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሺ እማ» አለች፣ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ከእኛ ጋር መሄድ ነው? ይሁኔ ጋ ነው? ፍኖተ ሰላም ብቻሽን ነው?»

ከእነሱ ጋር ልሂድ? በዚህ ጉልበቴ በረዶ ላይ? ይሁኔ ጋ ልግባ? የምራቴን ጓዳ ላጣብብ? ፍኖተ ሰላም ልመለስ? መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ ሌላውን ሳምንት ዝግ በሆነበት ጊዜ ማን ይደርስልኛል?

«አላውቅም» አልሁ። «ለእናንተ እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጥቷችኋል። ለእኔም እንደዚያው ስጡኝ።»

ስመኝ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ቅድም ሙሉቀን ብቻውን ክፍሌ መጥቶ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና ስለ ጀርመኑ ብርድ ልንገርዎት አለኝ። ንገረኝ አልሁት፤ ስለ ኪጋሊውም ንገረኝ፤ እንዳታሳምርልኝ ብቻ። ከሁለቱ አገር የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፤ በወጣትነቴም አላወቅሁትም። አገር ለሁሉ እኩል የሚሻል ነገር አይደለም፤ ማን ምን ሲሆን እንደሚሰበር ተነጋግረን ስናውቀው ነው መመዘን የምንጀምረው። ያ ደግሞ አፍ አውጥቶ መናገር ይፈልጋል፤ አሮጊትም ብሆን፣ ቢያሳፍረኝም።

ሙሉቀን ስልኩን አውጥቶ በረዶውን ሊያሳየኝ ሲል እጁን ያዝሁት።

«በረዶው ይቆይ ልጄ» አልሁት። «እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ይደረሳል?»