ጠብቀው የተባልኩበት ዳገት

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ስለ ዳገት ሲያወራ ደስ ይለዋል። እኔ አይለኝም። ከዴዴሳ ወንዝ ወደ ዲጋ የሚያወጣውን መንገድ ዛሬም በሚኒባስ ሳልፈው እናደዳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ መንገደኛ በመስኮት እያየ "አገሩ እንዴት ያምራል!" ካለኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ውድድሩ አራት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ከባኮ ነቀምቴ፣ ሁለተኛው ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ሦስተኛው በዚያው መንገድ መመለስ፣ የመጨረሻው ነቀምቴ ከተማ ውስጥ መዞር። የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፤ በድምሩ የቀደመ ያሸንፋል። ማሸነፉን እንኳ እኛ አላሰብነውም፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ብስክሌታቸውን በአንድ ጣት ነው የሚያነሱት። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነበር። ከመነሳታችን በፊት አሰልጣኛችን ሰብስቦን፣ ከቡድናችን በድምር ሰዓት የሚቀድመውን አንድ ሰው አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ክለብ እንደሚወስደው ነገረን። አንድ ሰው ብቻ። እኔ ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ ነበር፤ ያ ዕድል ካመለጠኝ ሌላ የሚጠራኝ እንደሌለ አውቀዋለሁ።

የቡድናችን አለቃ ጓደኛዬ ነው። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ ብስክሌት መንዳትም የተማርነው በአንድ የኪራይ ብስክሌት እየተቀማማን ነው። በውድድር ላይ የእኔ ሥራ ለእሱ ነፋስ መስበር ነበር። እኔ ከፊት እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላ ጎማዬ ሥር ተጠልሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ሁለተኛው ቀን ግን ጊምቢ መግቢያ ላይ እሱ ዛለና ወደ ኋላ ቀረ፤ እኔ ከፊተኞቹ ጋር ገባሁ። በድምርም አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቀደምኩት። ያን ቀን ራት ላይ ማንም "ጎበዝ" አላለኝም፤ አሰልጣኙም ከሰሃኑ ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከሆቴሉ ደረጃ የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነው። ታፋዬ ድንጋይ ሆኗል። ባቴን በጣቴ ስነካው ራሴን ያዞረኛል። በሶዬን በውሃ በጥብጬ ጠጣሁና ወጣሁ፤ ብስክሌት ላይ ከተቀመጡ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ማቃሰት ነው፣ ከዚያ እግር ተስፋ ቆርጦ ይታዘዛል። ቁልቁል ወርደን የዴዴሳ ሙቀት ሲቀበለን እግሬ ፈታ አለልኝ። ድልድዩን እንደተሻገርን አንድ የሌላ ቡድን ልጅ አፈትልኮ ወጣ፤ ተከተልኩት። ሌሎቹ አልተከተሉንም። ዳገቱን የጀመርነው ሁለታችን ብቻ ከፊት ሆነን ነው።

እየተፈራረቅን ነፋስ ሰበርን። ስንወጣ እሱ ከእኔ ይበልጥ ሲያለከልክ እሰማዋለሁ፤ በውስጤ ደስ አለኝ። እግሬ ያመኛል፣ ግን ይዞራል። እንዲህ እንዳለሁ የቡድናችን ፒክአፕ ከኋላ መጣ። አሰልጣኙ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦

"ጠብቀው! ጠብቀው እኮ ነው የምልህ!"

ዞር አልኩ። ጓደኛዬ ሁለት ኩርባ ዝቅ ብሎ ብቻውን ይንገታገታል። ጠብቀው ማለት በእኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው፦ እስኪመጣ ቆየው ማለትም ነው፣ እንዳያመልጥህ ዓይንህን አትንቀልበት ማለትም ነው። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ ለዚያ ሰው ነፋስ ስሰብር የኖርኩ ነኝ፤ ለእኔ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። አንጀቴ እያረረ ፔዳል መምታቴን አቆምኩ። አብሮኝ የነበረው ልጅ እንደ እብድ አየኝና ጥሎኝ ሄደ።

ጓደኛዬ ደረሰ። ከዚያ እስከ ዲጋ፣ ከዲጋም እስከ ነቀምቴ መግቢያ ነፋሱን ብቻዬን ሰበርኩለት። መንገድ ዳር የቆመው ሰው "ጃባዹ! ጃባዹ!" ይለናል፤ በርታ ነው። በረታሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ግን ሁለቱም ባቶቼ ባንድ ጊዜ ተኮማተሩ።

"ትንሽ ቀስ በልልኝ" አልኩት።

አንዴ አየኝ። ከዚያ ከኮርቻው ተነሳና እየመታ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ቀድሞኝ ገባ፤ በድምርም አለፈኝ።

ከሰዓት በኋላ የከተማው የስፖርት ኃላፊዎች ወዳረፍንበት ግቢ መጡ። ከፊት የነበረው ልጃችሁ ምን ሆኖ ነው መንገድ ላይ የቆመው ብለው ጠየቁ። አሰልጣኙ ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ፦

"እኔ ጠብቀው ያልኩት አጠገቡ ያለውን ነው! እንዳያመልጥህ ማለቴ ነው። ማን ቁም አለው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አማርኛው የእናንተ አይደል እንዴ? የራስህ ቋንቋ ካልገባህ በአፋን ኦሮሞ ብነግርህማ ምን ልትሆን ነበር?"

ደሜ ፈላ። ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው እዚህ የከተሙ ናቸው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ እናወራለን። ግን ተወልጄ ያደግሁት ነቀምቴ ነው። ኳስ የተጫወትኩት፣ የተጣላሁት፣ ሴት ልጅ የጠየቅሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። ከብስክሌት ስወድቅ እንኳ የምራገመው በእሱ ነው። አሰልጣኙም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የመለሰለት ሾፌራችን ነው። ጥግ ላይ ብስክሌቶቹን እያጠበ ነበር።

"ኮች፣ በኦሮምኛስ ምን ልትለው ነበር?" አለው። "ኢሳ ኤጊ አይደል? እሱም ያው ሁለት ትርጉም ነው እኮ ያለው። እስኪመጣ ቆየውም ነው፣ እንዳያመልጥህ ያዘውም ነው።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊዎቹም ሳቁ። ሌሎቹ ቡድኖች ሰምተው መጡና ክርክር ተጀመረ፤ አንዱ በጉራጊኛ ይህን ይላል፣ አንዱ በትግርኛ ያን ይላል። አሰልጣኙም አብሮ ሳቀና ነገሩ በዚያው አለቀለት። ያጣሁት ሁለት ደቂቃ የቋንቋ ጨዋታ ሆነ። እኔ ብቻ ቅጥል ብዬ ባቶቼን እያሸሁ ተቀመጥኩ።

የመጨረሻው ቀን በንዴት ነዳሁ። ሰውነቴ ውስጥ የቀረው ነገር ንዴት ብቻ ነበር። ገና በመጀመሪያው ዙር ብቻዬን ወጣሁ። ከተማው ውስጥ ለካ ወሬው ቀድሞኛል፤ ሱቅ በር ላይ የቆሙት "ጠብቀው! ኤጊ!" እያሉ ይሳሳቃሉ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ዙር እንደሄድኩ እግሬ ከነአካቴው እምቢ አለ። ወርጄ ታፋዬን በቡጢ ደበደብኩት፤ የራሴን እግር እንደ ጠላት መታሁት። መልሼ ወጣሁና ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባሁ።

ሽልማቱ እንዳለቀ ጓደኛዬ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣ። የሚሄደው እሱ መሆኑ ተነግሮታል። አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ኦቦሌሳ ኮ" አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሌላ ጊዜ በስሜ ነው የሚጠራኝ። "ኮች ጊምቢ ላይ ነግሮኝ ነበር። ነገ ከኋላ ከቀረህ እሱን አስቆምልሃለሁ ብሎኝ ነበር።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ተነሳሁ።

"ና፣ አሁኑኑ ኃላፊዎቹ ፊት ተናገር።"

አልተነሳም። የውሃ ኮዳውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ከተናገርኩ ቦታዬን ይሰጡሃል" አለኝ። "እንደ እኔ ብትሆን አንተስ ትናገር ነበር?"

እናገር ነበር ብዬ ልምልለት አፌን ከፈትኩ። መሐላው አልወጣልኝም። አሰልጣኙን ረግሜ ረግሜ ወጥቶልኛል፤ ያቺ ጥያቄ ግን ዛሬም ታናድደኛለች።