የአክስቴ የውሃ ተራ

የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ስለ ነፃነት ሲያስተምሩ የአንገታቸው ሥር ይገታተር ነበር። «ማንም ሰው በመረጠው ቋንቋ የመናገር መብት አለው!» ይላሉ። ከኋላ አንዷ በጋሞኛ ስታንሾካሹክ ከሰሙ ደግሞ እዚያው ያንበረክኳታል። መብቷን ተንበርክካ ትማራለች። እኔ በዚህ ትምህርት ጎበዝ ነበርኩ፤ ችግሬ ማመኔ ነው።

ጫኖ ያለችው አክስቴ ባሏ ሲሞት፣ የባሏ ወንድም የሙዝ ማሳዋን የመስኖ ተራ ቀማት። መንደሩ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያየው ዱቡሻ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። እዚያ የሚነገረው የራሷ ቋንቋ ነው፤ ግን ሴት አትናገርም፣ ወንድ ዘመድ ይናገርላታል። ያላት ወንድ ዘመድ ደግሞ ያው ቀሚው ነው። ተነስቶ ስለ እሷ አሳምሮ ተናገረላትና ተራውን ይዞ ቀረ።

«መንግሥት ፊት ሴትም ትናገራለች» ብዬ ሴቻ ፍርድ ቤት ወሰድኳት። እውነትም ዳኛው «እናቴ፣ ይናገሩ» አሏት። በጋሞኛ ጀመረች። ዳኛው እጃቸውን አንስተው አስቆሟት፤ የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ አስተርጓሚው ደግሞ ሥልጠና ሄዷል። እኔ ልተርጉም ብል «ዘመድ ነሽ» ተባልኩ። ዳኛው የጋሞ ልጅ፣ ጸሐፊዋ የጋሞ ልጅ፣ ተከሳሹ የጋሞ ልጅ፤ ሁላችንም በሕግ ደንቁረን ተቀመጥን።

ቀጠሮ ሊሰጡ ሲሉ አክስቴ በጋሞኛ «ለመሆኑ ይሄን እናቱ በምን ቋንቋ ነው እሹሩሩ ያለችው?» አለች።

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «ችሎት በመድፈር አሳስርዎታለሁ!»

«እንዴ፣ ሰማህ? እንግዲያው ውሃዬን ቀማኝ ያልኩህንም ሰምተሃላ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ስድብ ያለ አስተርጓሚ ይገባል፤ አቤቱታ ግን አይገባም። ዳኛው ፊታቸውን አጥቁረው ጉዳዩን ለሁለት ወር ቀጠሩት። ሙዙ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል።

ጫኖ እንደደረስን አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ዶማ አነሳች፣ ቦዩን ወደ ማሳዋ ቀደደችው። የባሏ ወንድም እየሮጠ መጣ።

«ጉዳዩ ሕግ ፊት ነው! መንካት አይቻልም!»

«ሂድና ክሰሰኛ!»

ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ችሎት ውስጥ ነበርና መክሰስ ምን እንደሚመስል አይቶታል። እየተራገመ ተመለሰ። እኔም ዶማውን ተቀብያት ቦዩን ሰፋ አደረግኩት። ሕግ እየጣስን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ሙዙ እስኪጠግብ ጭቃው ውስጥ ቆምን።