ያልተለካው ክንድ

እትዬ ስፒል የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ ስፒል የሚሰኩባት ትንሽ ትራስ ከግራ እጃቸው አንጓ ወርዳ አታውቅም። በልክ ነገር ቀልድ የላቸውም። የሰው ሁለት ትከሻ እኩል ነው ቢሏቸው ይስቃሉ፤ ግራና ቀኙን ሳይለኩ መቀስ አያነሱም።

አምና ክፉ ራስ ምታት ያዛቸው። ፀጉር ማበጠር፣ ዳቦ ማኘክ እንኳ ስቃይ ሆነ። ሐኪሙ የደም ሥር ብግነት መሆኑን ነግሯቸው ኪኒን አዘዘ። "ከልብ የሚወጡትን ትልልቅ የደም ሥሮችም ስለሚነካ የደም ግፊትዎን በየወሩ ይለኩ" አላቸው። ራስ ምታቱ በሳምንቱ ብን ብሎ ጠፋ። እሳቸውም ቃላቸውን አክብረው በየወሩ ከሱቃቸው ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ነርሷን ስፒል እንዳይወጋት ሁልጊዜ ቀኝ ክንዳቸውን ይሰጣሉ።

"መቶ አሥራ አምስት! የልጃገረድ ግፊት ነው" ትላለች ነርሷ። እሳቸውም ኮራ ብለው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ግን መቀስ የሚይዘው ቀኝ እጃቸው ይዝል ጀመር። ግማሽ ኮት ቀደው ያርፋሉ።

"እርጅና ነው" አሉ።

"እማዬ፣ እርጅና በአንድ እጅ ብቻ ይመጣል እንዴ?" አለች ሴት ልጃቸው፤ ፈርታለች። እንቢ ቢሉም ጎትታ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻቸው።

"እስቲ ያቺን ትራስ ይፍቷት" አላቸው ሐኪሙ። ግራ ክንዳቸው መቶ ሰማንያ አመለከተ። የቀኙ ክንድ ደም ሥር በብግነቱ ስለጠበበ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ እያሳየ ዓመቱን ሙሉ ዋሽቷቸዋል፤ እውነተኛው ግፊት ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ሥር እየገፋ ነበር። በምርመራ ፎቶ ሲታይ ደም ሥሩ አብጧል። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሁን ለቀዶ ጥገና አያደርስም፤ ግፊቱ ካልወረደ ግን ደም ሥሩ ሊፈነዳ ይችላል" አለ ሐኪሙ።

እትዬ ስፒል ክው አሉ። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅ የተባለው ለካ ለልብስ ሰፊም ነው። የአገሩን ሰው ግራና ቀኝ ሲለኩ ኖረው የራሳቸውን ረሱ። አፈሩም፣ አለቀሱም።

አዲሱን መድኃኒት ከጀመሩ ከወር በኋላ ጤና ጣቢያው በር ላይ ትራሷን ፈትተው ለልጃቸው አስያዙ። ነርሷ እንደ ልማዷ ወደ ቀኙ ስትዘረጋ ሁለቱንም እጅጌ ሰበሰቡ።

"ሁለቱንም ለኪ፣ የኔ ልጅ። እኔ በአንድ ትከሻ ልክ ኮት ሰፍቼ አላውቅም።"

ግራው መቶ ሠላሳ ነበር። ልጃቸው ትራሷን እንደያዘች እፎይ አለች፤ ስፒሉ መዳፏን እንደወጋት ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው።