ስም የሌለበት ካሴት

በ1971 ዓ.ም. ነው፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። የገንዳ ውሃ ቀበሌያችን ሊቀመንበር «ከእንግዲህ እኛ የጻፍነውን ነው የምትዘፍነው» አለኝ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ነገ ቢሮ እንተያያለን» አለ። ነገን አልጠበቅሁም። በጠራራ ፀሐይ ማሲንቆዬን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ተቀላቅዬ በመተማ በኩል ጋላባት ገባሁ። ሚስቴ አበበች ገበያ ነበረች፤ ደህና ሁኚ ሳልላት ቀረሁ። ደብዳቤ እንዳልልክ ፊደሌ ጥቂት ናት፤ ደግሞስ ከሱዳን ደብዳቤ የመጣላትን ሴት ማን ዝም ይላታል?

ገዳሪፍ ሙቀቱ የኛው ነው። ኪስራቸውም እንጀራ ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን አይደለም። ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራህ?»

«አዝማሪ።»

«ሥራህን ነው ያልኩህ!»

«እኮ!»

«ሥራ የሌለው» ብሎ ጻፈ።

ኋላ ዑስማን የሚባል፣ አማርኛ የሚያውቅ ካሴት ሻጭ አገኘኝ። ክፍል አስገብቶ አንዲት ብረት አፌ ላይ ደቀነና «ዝፈን» አለኝ።

«ለማን?»

«ለዚህች!»

እኛ አገር አዝማሪ ፊት አይቶ ነው የሚዘፍን። አንዱ ግጥም ይሰጥሃል፣ ትቀበለዋለህ፤ ስሙን ጠርተህ ታሞግሰዋለህ። ብረት ማን ተብላ ትሞገሳለች? እንደ ልማዴ እዚያ የነበሩትን አነሣሁ፤ ዑስማንን፣ ሻይ ያመጣችልንን ፋጡማን። ዑስማን ደስ ብሎት ካሴቱን አባዛው። ገዢ ግን ጠፋ።

«ምን ይሉኛል መሰለህ?» አለኝ። «‹በገንዘቤ ያንተን ሙገሳ የምሰማ ምን ሆኜ ነው?› ይሉኛል። ስም የሌለበት ዝፈን፤ ሁሉም ለራሱ ይምሰለው።»

«አንድ ስም ብቻ ተውልኝ። አበበች።»

«ሊቀመንበሩም ካሴት ይሰማ የለም እንዴ?»

ዓይኔን ጨፍኜ ስም የሌለበት ዘፈንኩለት።

ያ ግን ተሸጠ፣ ኧረ እንዴት ተሸጠ! በገዳሪፍ ሻይ ቤት ሁሉ የሚሰማው እኔው ሆንኩ። ያገሬ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ዞሮ የሚያየኝ የለም። አዝማሪ ሰው ሲያለቅስ ካየ ግጥሙን ያለዝባል። ካሴት አያይም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንደዚያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አንድ ቀን ድንበር እየተሻገረ የሚነግደው ሸጋው መጣ።

«ጋሼ በላቸው፣ ካሴትዎ ገንዳ ውሃ ገብቷል። እትዬ አበበችም ሰምተውታል።»

«ምን አለች?»

መሬት መሬት አየ። «‹ድምፁ የሱ ነው፤ ሳይሞት የቀዱት ይሆናል። በላቸው በሕይወት ቢኖር ስሜን ሳይጠራ አይዘፍንም› አሉ።»

«አለ አትላትም?»

«አልኳቸው እንጂ! ‹ሁሉም ሊያጽናናኝ እንዲህ ይለኛል› አሉ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጋሼ።»

በማግሥቱ ማለዳ ዑስማን ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ደጁ ላይ ቆሜ አገኘኝ። «ስም አልጠራም፤ ለሸጋው የምሰጠው አንድ ካሴት ብቻ ቅዳልኝ» አልኩት። ማሲንቆዬን ቃኘሁና፣ ፍየላችንን ዘፈንኩ፤ አበበች በር ስትዘጋ ቀንዷን ሰብራት በጎረቤት አሳብባ ነበር። ይኼን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሷ ስሟን የጠራሁ ያህል ነው።

«አሁን ደግሞ ፍየል!» አለ ዑስማን፣ ራሱን ይዞ።

«ዝም ብለህ ቅዳ» አልኩት።