ተኝቶ የነበረው ወይን

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ፣ የአባቴ አርባ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ምናልባት ቢቀለኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ። ሥራዬ የተበጠሰ ክር አይቶ ቶሎ መቁረጥና መቀጠል ነው። እጄ ፈጣን ስለሆነ ተመስግኜበታለሁ፤ እኔም እኮራበት ነበር።

ወላጆቼ ከገራዶ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ የገበሬ መንደር ነው የኖሩት። እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ አባቴ ደጃፉ ላይ የወይን ሐረግ ተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጌሾ ሲተክል እሱ ወይን በመትከሉ ተሳቀበት። ደንታም አልሰጠው። ፍሬውን ሰፌድ ላይ አስጥቶ ያደርቅና ዘቢቡን ለቁርባን እንዲሆን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። የዓመት ፈቃዴ ክረምት ላይ ስለሆነ እኔ የማውቀው ወይኑ ለምልሞ ነው። በበጋ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም፤ ለቀብሩ ስመጣም ልብ አላልኩትም።

ለአርባው ስደርስ እናቴ ገበያ ወርዳለች። ዳሱ የሚጣልበት ቦታ ላይ ሐረጉ ቅጠል የለው ፍሬ የለው፣ ግንዱ ተላልጦ ቆሟል። ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሞተ መሰለኝና አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ምሳር አነሳሁ። ሥሩን በዶማ ነቀልኩት፤ እንጨቱን ቆራርጬ ለተዝካሩ ወጥ አስቀድሜ የጣድኩት ቁሌት ሥር ማገድኩት። እንደ ደረቅ እንጨት አልነደደም፣ አጨሰ። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ እንኳ አልገባኝም።

ጋሽ ይማም ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዘው መጡ። የአባቴ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ናቸው። ወይኑ የት እንደ ሄደ ጠየቁኝ። ደርቆ ስለነበር ለዳሱ ቦታ ብዬ እንደነቀልኩት ነገርኳቸው።

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ተኝቶ ነበርኮ ልጄ። በበጋ ይተኛል። አባትሽ ሲታመም አደራ ብሎኝ፣ በየሦስት ቀኑ አጠጣው ነበር።»

እናቴ ስትመለስ ጉድጓዱን አየችና ዘንቢሏን እንዳቀፈች እዚያው ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችኝም።

«እኔ ብሄድም ለፋሲካ ያቆጠቁጥልሻል ብሎኝ ነበር» አለች። «እሱን እየጠበቅሁ ነበር የምውል።»

ጋሽ ይማም «አብሽሪ» ሊሉኝ ጀመሩና ተውት። ያመጡትን ውሃ ግን ይዘው አልተመለሱም፤ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሱት።

ከተረፈው ሥር ቆርጠን መልሰን ቀበርን፤ አልበቀለም። በተዝካሩ ዕለት ወጡ ጣፈጠ እየተባለ ተበላ። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልሆነም።

አሁን በየዓመቱ ከኮምቦልቻ ዘቢብ ገዝቼ እወስዳለሁ። እናቴ ተቀብላኝ ለቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። አንድም ቀን ያንን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ዘቢቡን ስሰጣት «ተባረኪ» ትለኛለች።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።